ቋጠሮ ላይ የሚበጠሱ ክሮች

የሽሮ ሜዳው የጋቢና የነጠላ ነጋዴ የሸፊ የበኩር ልጅ ሉብና፣ ትምህርት ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ማንንም ከፊቷ አስቀድማ አታውቅም። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስታቲስቲክስ ስትመርጥ ዘመዶቿ «ምነው ሕክምና ቢሆን» ብለው አዘኑላት፤ እርሷ ግን ሐዘናቸውን የሰማች እንኳ አልመሰለችም።

የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ሸማኔ ክር ነበር፤ አንድ የድር ክር ከተወጠረ በኋላ ሳይበጠስ ምን ያህል ይቆያል? ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ባለው የሽመና ቤት ተቀምጣ፣ ሰዓት እየያዘች የተበጠሰውን ሁሉ መዘገበች። ሸማኔው ቢኒያም ይስቅባት ነበር።

«ሰው የተሸመነውን ሊገዛ ይመጣል፤ አንቺ የተበጠሰውን ትለቅሚያለሽ! እውነት ተምረሻል?»

«አንተ ሽመን፤ ሲበጠስብህ ጥራኝ» ትለዋለች።

ሸማኔዎቹ አዲስ ድር ሲዘረጉ እያንዳንዱን ክር ከአሮጌው ድር ጫፍ ጋር ይቋጥሩታል። ቋጠሮው ያልጸናለት ክር ገና በመጀመሪያው ሰዓት እዚያው ላይ ይበጠሳል፤ የተረፈው ብዙ ይዘልቃል፤ በመጨረሻ ደግሞ ፍትጊያ ያሳሳው ይከተላል። ስለዚህ የመበጠሱ ዕድል መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ዳግመኛ ይወጣል። ሉብና ከመማሪያ መጻሕፍት የሞከረቻቸው የዕድል ስርጭቶች፣ ማለትም ዕድሉ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጹ ቀመሮች፣ ግን ወይ መውጣት ወይ መውረድ እንጂ ሁለቱንም አንድ ላይ አልቻሉም። እርሷም አንድ ፓራሜትር፣ የቀመሩን ቅርጽ የሚቀይር ቁጥር፣ ጨምራ እንደ ክሩ ጠባይ የሚተጣጠፍ አዲስ ስርጭት ሠራች።

አማካሪዋ ዶክተር መሳይ ሥራውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የመጀመሪያውን ሰዓት ዳታ አውጪው፤ የአሠራር ስህተት ነው። ያኔ የድሮው ስርጭት ልክክ ይላል።»

«ዶክተር፣ ስህተት አይደለም፤ ሽመናው ራሱ ነው። እርሱን ካወጣሁት የሌለ ክር ነው የማጠናው።»

«ግትር ነሽ።»

«ይሁን።»

ጥናቷን በተከላከለችበት ዕለት አንዱ ገምጋሚ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፓራሜትር ከተጨመረማ ምን የማይገጥም አለ? ልብሱን ካሰፋሽው ሁሉም ይለብሰዋል።»

«ለማስፋቴ ነጥብ የሚቀንስ መመዘኛ ተጠቅሜያለሁ፤ ተቀንሶበትም ከድሮው ስርጭት በልጧል። ስርጭቱን ስሠራ ጭራሽ ባልተጠቀምኩበት የሌላ ሽመና ቤት ዳታም ፈትኜዋለሁ። እዚያም በልጧል።»

ገምጋሚዎቹ ተንሾካሾኩ። ፍርዳቸው አጭር ነበር፤ የመጀመሪያውን ሰዓት አውጥታ በታወቀው ስርጭት ካስተካከለችው ኤ፣ እንዳለ ከተወችው ቢ። ቢ ማለት የክፍሉ አንደኝነት ለሌላ ሰው ሄደ ማለት ነው። ዶክተር መሳይ በዓይናቸው ለመኗት። እርሷ ወደ ገምጋሚዎቹ ዞረች።

«ቢውን ይጻፉት» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስትገባ ሸፊ ነገሩን ሰምቶ ጋቢ ማጣጠፉን ተወው።

«ልጄ፣ ለደንበኛው ሁሉ ‹አንደኛ ወጥታለች› ብዬ ጨርሻለሁ እኮ! አሁን ምን ልበላቸው?»

«ሁለተኛ ወጣች በላቸው፣ አባዬ። ለምን ያለህን ወደ እኔ ላከው፤ ቁጭ አድርጌ አስረዳዋለሁ።»