እህቴ ሽማግሌዎቹ ፊት ወደቀች

ዛሬ ከሰዓት፣ ከማል ለጋብቻ ጥያቄ የላካቸው ሽማግሌዎች ካርቱም ዴም ሰፈር ያለው ቤታችን ገብተው ገና አረፍ ከማለታቸው፣ እህቴን ዘይነባን የሚጥል በሽታዋ ጣላት።

ካርቱም ከመጣን ጀምሮ በሽታዋን ደብቀን ነው የኖርነው። «በቃ፣ ጋብቻው ቀረ» አልኩ በሆዴ።

አጎቴ ክብሪት ላጭስባት ብሎ ተነሳ። እሱ ራሱ ከእሷ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር!

ሽማግሌዎቹን በረክሻው፣ በባጃጁ ማለት ነው፣ ያመጣቸው ከማል ደጅ ነበር። ጩኸታችንን ሰምቶ ገባ፤ በጎኗ አስተኝቶ ከራሷ ስር ትራስ አደረገላት።

«አሁን ይለቃታል፣ ኢንሻአላህ። አትጩሁባት» አለን።

ስትነቃ እናቴ እያለቀሰች «ልጄ፣ ሳንነግርህ ቀረን፣ አውፍ በለን» አለችው።

«እማማ፣ እሷ እኮ ገና ስንተዋወቅ ነግራኛለች። እንዲህ አድርግ ብላ ያስተማረችኝም እሷ ናት።»

ዘይነባ በደከመ ድምፅ «የደበቃችሁት እናንተ! እኔ መች ደበቅኩ?» አለችን። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ትልቁ ሽማግሌ «ያላ፣ የመጣንበትን እንጨርስ» አሉ። ጨረሱልን፣ አልሐምዱሊላህ!

እናንተስ ቤት ሁሉም እያወቀው የምትደብቁት በሽታ አለ? ጻፉልኝ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ምን አሉ? አንብቢልኝ» እያለች ነው።