የዳቦ መኪናው ዲስኮች

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሚሊ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሚሊሜትር ከአፉ ስለማይጠፋ የወጣለት ነው፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ያውቁ የነበሩት እንኳ ረስተውታል። ከአባቱ የቀረውን ቶርኖ፣ ያንን የብረት መላጫ ማሽን፣ ይዞ ጋራዡ ጥግ ላይ ብረት ሲልጥና ሲያለሰልስ ሸበተ። ጋራዡ የታላቅ እህቱ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ እሷ ካለችው አይወጣም፤ የብረት ነገር ሲነሳ ግን እሷም ብትሆን ሰሚ ነበረች። ሚሊ ለክቶ «ይሆናል» ካለ ይሆናል፣ «አይሆንም» ካለም ማንም አይከራከረውም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እህቱ ጥጉን በዓይኗ ስትለካው ቆየችና ወደ እሱ ዞረች። የጎማ ባላንስ ማሽን ልታስገባ አስባለች።

«ዛሬ እኮ አሮጌ የሚያስልጥ የለም። ሰው አዲሱን ገዝቶ ይገጥማል» አለችው።

«እትዬ፣ የአባታችን ማሽን ነው።»

«አባታችን አፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ! እሺ፣ ለአንተ ስል አንድ ዕድል ልስጥህ። የዳቦ መኪናው የፍሬን ዲስክ ይፈልጋል። እነዚያን አሮጌዎቹን ልጠህ አድናቸው። ከዳኑ ማሽንህን የሚነካው የለም። ካልዳኑ ግን ምን ይሠራልኛል?»

አሮጌዎቹ ከሞተ መኪና ላይ ተፈትተው አጥር ሥር ዝናብ ሲጠጡ የከረሙ ናቸው። ዝገት ለብሰዋል። ሚሊን ዝገት አያስደነግጠውም፤ ላይ ላዩን የያዘ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ በስሱ ተልጦ ይወጣል። እሱ የሚፈራው የብረቱን መሳሳት ነው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት አይችልም፤ ቁልቁለት ላይ ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። ከዚህ በታች እንዳይወርድ የሚለው ቁጥር ጠርዙ ላይ የተቀረጸውም ለዚሁ ነው።

አንደኛው ደህና ወጣ። ሚሊ ደስ ብሎት ማፏጨት ሁሉ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛውን ሲፍቀው ግን ከዝገቱ ሥር ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ አገኘው። መለኪያውን አስነከሰው። ገና ሳይላጥ ከተቀረጸው ቁጥር ላይ ደርሷል። ምናልባት ብሎ በሌላ በኩል ለካው፣ ደግሞም አዙሮ ለካው። ያው ነው።

ቢልጠው እንደ መስታወት ያበራል። ከእሱ በቀር የሚለካ የለም። ማሽኑም ይተርፍለታል። ግን ያ መኪና በየማለዳው ዳቦ ጭኖ የገበያውን ቁልቁለት የሚወርድ ነው፤ ሚሊ ደግሞ በብረት መዋሸት አይችልበትም።

«አይሆንም እትዬ» አላት። «አንዱ አልቋል። ዲስክ ደግሞ በጥንድ ነው የሚቀየረው። ሁለቱም አዲስ ይሁኑ።»

ምን እንዳጣ ገብቷት «አይዞህ» ትለኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የዋህ!

«ይኸው፣ አንተው በአፍህ አልከው» አለች እህቱ። «አዲስ ይገዛ ካልክ ቶርኖው ለምኔ ነው?»

ቶርኖው ብዙም ሳይቆይ ማዶ ላለው በር ሠሪ ተሸጠ። ሲጭኑት ሚሊ አልረዳም፣ አልከለከለምም። በቦታው የባላንስ ማሽኑ ገባ፤ ለሚሊም ጎማ ነፋስ የመሙላት ሥራ ተሰጠው።

ከዚያ የዳቦ መኪናው ነፋስ ሊያስሞላ መጣ። ሚሊ ጎንበስ ሲል በቸርኬው ቀዳዳ በኩል የተላጠ ብረት አየ። ዓይኑን አስጠግቶ ተመለከተ። አንዱ ዲስክ እሱ ራሱ ያለሰለሰው ነው። በወዲያኛው ጎማ ዞሮ ሲያይ ግን በሌላኛው ላይ ሞገድ የመሰለ ስስ መስመር ይዞራል። ይህን መስመር የሚያወጣው የእሱ ቶርኖ ነው፤ መቁረጫው የሚንሸራተትበት አልጋ ስለተበላ በዝግታ ካልነዱት ያወጣል፣ በር ሠሪው ደግሞ ይህን አያውቅም። አልቋል ብሎ የጣለውን ዲስክ በገዛ ማሽኑ ልጠውታል። ደሙ ፈላ።

«ይህን ማን ሠራልህ?»

«ማዶ ነው ጋሽ ሚሊ። እትዬ ናቸው ዲስኮቹን ሰጥተው የላኩኝ። በርካሽ ተገላገልኩ» አለ ሾፌሩ።

«አስወጣው! ሳስቷል። ቁልቁለት ላይ ጉድ ይሠራሃል፤ እኔ ለክቼዋለሁ።»

ሾፌሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ አዘነለት።

«ማሽንዎን እንደሸጡብዎ ሰምቻለሁ ጋሽ ሚሊ። እኔም ብሆን ያንገበግበኝ ነበር። ግን በዚህ ተናደው የሰው ሥራ አያጣጥሉ።»

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ሚሊ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ ንገሪው እንጂ! ያልኩሽን ንገሪው!»

እህቱ አዲሱን ማሽን አየች፣ መኪናውን አየች።

«አትፍረድበት» አለችው ሾፌሩን። «ሆድ ብሶት ነው። ከማሽኑ ጋር ነው ያደገው።»

ሚሊ ዕድሜውን ሁሉ ሲለካ ኖሮ አሁን ልኩ ቂም ተባለ፤ ያለችውም እውነቱን የምታውቀው እህቱ ናት። አጎንብሶ የጀመረውን ጨረሰ።

«አራቱም ተሞልተዋል» አለ።

ሾፌሩ አመሰገነና፣ የሚሊን ቃል ስላላመነ፣ መኪናውን ዞሮ አራቱንም ጎማ በእግሩ እየረገጠ አየ።