ዶዮገና ያየሁት የእበት እሳት

ማክሰኞ ንጋት፣ ሆሳዕና

ስመ ሥላሴን ጠርቼ ወጣሁ። የሾፌሩ የከድር መኪና ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ገበያው ዳር ቆሟል። በዶዮገና በኩል ዱራሜ ደርሶ እስኪመለስ ጋቢና ውስጥ ቦታ ሰጠኝ።

«እትዬ፣ ለእበት ብለው ነው ይህን ጭቃ የሚገቡበት?»

«ከእበቱ ለሚወጣው ጋዝ ነው።»

«አላህ ይድረስልን! እኔ በናፍጣ አልሆነልኝም፣ እርስዎ በእበት ሊነዱ!»

ሳቅሁ እንጂ ጭንቀቱ አልለቀቀኝም። እዚህ የቤት አያያዝ አስተምራለሁ። ዶዮገና የሚኖሩት የተማሪዬ እናት ወይዘሮ ወርቄ እኔን አምነው ጓሯቸው ውስጥ በሲሚንቶ የተገነባ ጉድጓድ አሠሩ፤ አፉ ላይ በርሜል ተደፍቶበታል። በውኃ የተበጠበጠ እበት አየር ሳያገኝ ሲብላላ፣ ጋዙ በርሜሉ ሥር ተጠራቅሞ በጎማ ቱቦ ወደ ምድጃ ይሄዳል። እሳት ግን እስካሁን የለም። ባላቸው አቶ ላምቦሬ «ጉድጓዱን ልደፍነው ነው» ብለው ላኩብኝ። አልፈርድባቸውም። እኔ ባደግሁበት ደብረ ብርሃን እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ እዚህ ግን የእንሰት ምግብ ነው።

ረፋድ፣ ዶዮገና

ጉም፣ ዳገት፣ ግራና ቀኝ እንሰት። ትኩስ ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ።

«ላሞቼ ለጉድጓድ ነው የሚበሉት» አሉ አቶ ላምቦሬ። «እንሰቴን እዪው፣ ቢጫ ሆነ።»

ጓሮ ወጣን። የበርሜሉ ጠርዝ በእርጥብ እበት ተለቅልቋል።

«ወይዘሮ ወርቄ፣ ይህን በርሜል ማን አነሳው?»

«እኔ ነኛ! ወደ ላይ ሲነሳ እያየሁ ዝም ልበል? እንደ ቆጮው ከፍቼ አናፍሰዋለሁ፣ አገላብጬ እደፍነዋለሁ። አንድም የገበያ ቀን አላስታጎልኩም።»

የዚህ አገር ሴት ቆጮ የቀበረችበትን ጉድጓድ በየጊዜው ከፍታ ካላገላበጠች ሰነፍ ትባላለች።

«የሚነሳው እኮ ጋዝ ሲሞላ ነው። ሲከፍቱት ይወጣል፤ አየር ሲገባም እበቱ ጋዝ መሥራቱን ያቆማል።»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ! ስንቱን ለቀቅሁት!»

አቶ ላምቦሬ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ፣ መምህርት፣ ከዱራሜ እስክትመለሺ እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እደፍነዋለሁ።»

ከዱራሜ መልስ፣ ዶዮገና

በአንጋጫ በኩል ዝናብ፤ በየማደሪያዬ ጸሎቴ ያው አንድ ነበር። ስንደርስ በርሜሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ከፍ ብሏል። ወይዘሮ ወርቄ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የእንሰት ቃጫ ይፍቃሉ።

«ጎረቤት ሁሉ ክፈቺና አሳዪን አለኝ። ማንንም አላስነካሁም።»

ቱቦውን ከፈትን፤ ክብሪት ጫርኩ። ፍስ አለና ሰማያዊ እሳት ምድጃው ላይ ተዘረጋ። ጭስ የለውም። ወይዘሮ ወርቄ እልል አሉ፤ እኔ «ተመስገን» ብዬ ግድግዳ ተደገፍኩ።

አቶ ላምቦሬ ወዲያው አላመኑም። ተብላልቶ በጉድጓዱ ወዲያኛው በኩል የወጣውን ቀጭን እበት በባልዲ ቀድተው አሸተቱ።

«ሽታው ጠፍቷል። ለእንሰት ይሆናል?»

«ከጥሬው ይሻላል፤ ቶሎ ይስማማዋል።»

ጋዙንም እበቱንም እንዳገኙ ሲገባቸው ባልዲውን ወደ እንሰቱ ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህርት፣ የወንድሜን ላሞች እበትም ብጨምርበት ይችላል?» አሉኝ።

ጋቢና እንደገባሁ እንቅልፍ ጣለኝ። ከድር የቀሰቀሰኝ ሆሳዕና፣ ደጃፌ ላይ ነው።