አባባ ከእግራቸው ሥር የሰሙት

እኔ መቼም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ያን ሰሞን ግን ጭራሽ አልተቻልኩም። አባባ በአሮጌዋ መኪናችን ጋቢና ተቀምጠው በሄድን ቁጥር «ከእግሬ ሥር ይንኳኳል» ይላሉ። የምነዳው እኔ ነኝ፣ ምንም አልሰማም። ሞተሯ ይጮሃል፣ መስኮቱ በዚህ ሙቀት ሁሌም ክፍት ነው፤ ምኑን ልስማው!

ወንድሜ ወዲያው ፈረደ። «እርጅና ነው። አጎታችንንም እንዲሁ ነው የጀመራቸው» አለኝ። ክው አልኩ። የአባባ ታላቅ ወንድም ማንም የማይሰማውን ድምፅ ሲሰሙ ከርመው፣ በመጨረሻ የገዛ ልጆቻቸውን «የማን ልጆች ናችሁ?» እያሉ ነው ያረፉት። አፍህን ዝጋ አልኩት። እንቅልፍ ግን አጣሁ።

ካርቲየ 6 ሰፈር ያለው መካኒካችን የድሬዳዋ ልጅ ነው። መኪናዋን ከሆዷ በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማዎቿን ወዘወዘ። ንቅንቅ የለም። እሱ እየነዳ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሄሮን ሰፈር ደርሰን ተመለስን። ዝም።

«አቦ ደህና ናት!» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። እሷ ደህና ከሆነች አባባ ደህና አይደሉማ!

አላስቀምጠው አልኩ። በማግስቱ መካኒኩን ጎትቼ አስወጣሁት። ወደ ሃያብለ ሰፈር ስንወጣ ከኋላ ወንበር እየተቁነጠነጥኩ ሳለ ዓይኔ ጋቢናው ላይ አረፈ። ባዶ ነው። የአባባ ቦታ ነዋ! እሳቸው በሌሉበትም ማናችንም አንቀመጥበትም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። መካኒኩም ያውቃል፣ ዕቃ እንኳ አያስቀምጥበትም። ወይ አክብሮት!

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

ወርጄ ጋቢና ገባሁና እንደ አባባ ጫማዬን አወለቅኩ። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ውስጥ እግሬን ኳ አደረገኝ። ደግሞ ኳ። «እሰይ! እሰይ!» እያልኩ አለቀስኩ። ያበድኩ መስሎት መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ዳር ያዘ።

ከዚያ ክሪኩን ጎማውን ከሚሸከመው ክንድ ሥር አስገብቶ ሲያነሳ፣ የቀኙ ጎማ ተወላገደ። ጎማውን ከክንዱ የሚያያይዘው ሮቲል አልቋል። ቀድሞ ከሆዷ ስትነሳ ሞላው ወጥሮ ይዞት ነው የሸወደን።

ቤት ስደርስ ጫማዬን እንኳ በቅጡ አላጠለቅኩም ነበር።

«አባባ፣ ይንኳኳል! እኔም ሰማሁት!»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ራስሽ? ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳይሆን?»

«በእመቤቴ!»

እጄን ያዙኝ።

«እኔኮ ይሄን ሰሞን» አሉኝ፣ «ጠዋት ስነሳ የእናንተን ስም ለብቻዬ እየጠራሁ ነበር፤ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ለማየት።»