ከወንዙ ማዶ የተላከው ቃል

አሜሪካ፣ ግሌንዴል ከተማ እንኖር በነበረ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቁኝ ጎረቤታችን፣ አንዲት ፊሊፒናዊት አሮጊት ነበሩ። «ሎላ» እንላቸው ነበር፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የማርያም ሥዕል ፊት ትንሽ መብራት ትበራለች፤ እዚያ አጠገብ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ተረት ይነግሩኛል።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ክፍል የተሰጠኝን የፊደል ወረቀት ጨምድጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ሎላ አወጡትና በመዳፋቸው እያቃኑ፣ «ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የእኛ ፊደል ነው። እዚህ ማንም አያነበውም።»

ከዚያ ከእናታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። ወገኖቻቸው ታጋሎጎች ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በወንዝ ዳር ተበታትነው ይኖሩ ነበር፤ ከስፔን የመጡ መነኮሳት ግን የደወሉ ድምፅ ከሚሰማበት እንዳይርቁ ብለው ሰዉን ወደ አንድ ከተማ ሰበሰቡት። አንዲት ሴት የቀርከሃ ቤቷን አፍርሳ ትንሽ ልጇን ይዛ ሄደች። እናቷ ግን «የቀበርኳቸውን ትቼ የትም አልሄድም» ብላ ከወንዙ ማዶ ቀረች። ከዚያ በኋላ በጥንቱ ፊደላቸው ቀርከሃ ላይ በቢላ ጫፍ እየጻፉ፣ በዓሣ አጥማጆች እጅ ይላላኩ ጀመር። ሴትየዋ ታማ ስትሞት አሮጊቷ ለልጅ ልጇ ጻፈችላት። ልጅቷ ግን የምታውቀው መነኮሳቱ ያስተማሯትን ፊደል ብቻ ነበር። ሰው እንዳትጠይቅ አፈረች፤ እስክትደፍር ድረስ አያቷ ሞተች፤ ቀርከሃውም ሳይነበብ ቀረ።

«ታዲያ ምን ይል ነበር?» አልኩ።

«ማን ያውቃል፣ ልጄ።»

«መነኮሳቱን ይጠሏቸዋል?»

ወደ ሥዕሉ ቀና አሉ። «እንዴት እጠላለሁ? የምጸልየው እነሱ ያመጡትን ጸሎት ነው። ግን ያቺ አሮጊት የጻፈችውን ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።»

የዚያን ዕለት እናቴ ስትመጣ ፊደሉን ለሎላ እያነበብኩላቸው ደረሰች። «ምን ነካሽ ዛሬ?» ብላ፣ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ።

ሎላ ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔም አሁን አውሮራ ከተማ የምኖር የልጆች እናት ነኝ። ያኔ ያሳዘነችኝ ማንበብ ያቃታት ልጅ ነበረች፤ እኔን ትመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሐሳቤ የሚሄደው ወደ አሮጊቷ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ቁጥር ምን እያለች ራሷን ታጽናና ነበር? ምናልባት «ልጅ ናት፣ ረስታው ነው፤ ነገ ትጽፍልኛለች» ትል ይሆናል።