የጋሽ በቀለ ሮዝ በሬ

ዛሬ ሸጎሌ የከብት ገበያ በሬ ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ የጋሽ በቀለን የብረት በሬ ሻኛ ሲዳብሱ አየኋቸው። በሬው እኮ ሮዝ ነው፤ ያውም ባለ ቢጫ ነጠብጣብ! አንድ እግሩን አንስቶ ሊደንስ የተነሳ ይመስላል።

ጋሽ በቀለ የሰፈራችን ሠዓሊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ላሜራ ቆርጠው፣ በይደው፣ ቀብተው ገበያው ዳር ደጃቸው ላይ ሲያቆሙት የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ።

«ለምን ቀይ አልተቀባም?»

ጋሽ በቀለ መለሱለት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀዩን ቀለም እናንተ ለመፈክር ጨርሳችሁት ከየት ላምጣ?»

ሊቀመንበሩ በሬውን ዞረው። ከዚያ እጁን ሰደደና ሻኛውን ጨበጥ አደረገ። «ሰብቷል» ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ያልሳቀ ጎረቤት አልነበረም፤ በሩን ዘግቶ ግን።

የዛሬውን ሽማግሌ «አባባ፣ ብረት እኮ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ እጄ ነው አላምንም ያለኝ።»

እናንተስ? እያወቃችሁ እጃችሁን ያታለለ ሥራ ገጥሟችሁ ያውቃል?