ቢጫ ያልኩት መሬት

ባለፈው ሳምንት ከቢሮአችን ልጆች አንዱ ማውስ የምታክል ጥቁር መሣሪያ አምጥቶ ላፕቶፔ ስክሪን ላይ አንጠለጠላት። “አሥር ደቂቃ እንዳትነኪው” ብሎኝ ሄደ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ግራጫ ሁሉ እየቀያየረ አሳየ። መሣሪያዋ እያንዳንዱን ቀለም ታነባለች፤ ስትጨርስ ስክሪኑ የቱ ላይ እንደሚዋሽ ዐውቃ ማስተካከያውን ራሷ ትጽፋለች። ልጁ ተመልሶ ውጤቱን አየና ሳቀ።

“ቢጫ ይበዛበት ነበር እኮ! ስንት ዘመን እንዲህ እያየሽ ኖርሽ?”

ለቀልድ ነው። ጸጉሬን መቀባት ከጀመርኩ ወዲህ በቀለም የሚመጣብኝን ቀልድ ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ይሄኛውን ግን አልቻልኩትም። ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቡራዩ የኖርኩባት ያቺ የማስተር ፕላኑ ሁከት ዓመት መጣችብኝ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከኮምቦልቻ መጥቼ ዋናው መንገድ ዳር ባለች ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሠርግ አልበም አዘጋጃለሁ፣ አልፎ አልፎም ማመልከቻ እጽፋለሁ። የምኖረው ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ ዘመድ የለኝም፤ ጓደኛ ለማፍራትም እንደ ዛሬው ዓይን አፋር ነበርኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠዋት የጠጣሁበት ኩባያ ልክ ባስቀመጥኩበት ቦታ ይጠብቀኛል። የሚያነሳው ሌላ እጅ የለማ። ብቻውን ኖሮ የማያውቅ ሰው ይህ ምኑ እንደሚያስከፋ አይገባውም።

የፎቶ ቤቱ ላፕቶፕ አሮጌ ነበር። ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ እዚያ ላይ ደህና የነበረ ፊት ሲታተም ወባ የያዘው ይመስላል። ዛሬ ልጁ ያመጣት ዓይነት መሣሪያ ከየት ይመጣል፤ በዐይኔ ነው ያስተካከልኩት። ኮምፒውተሩ ግራጫ መስመሮች ያሳያል፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ግራጫው ለማንም የማያደላ ግራጫ እስኪሆን መታገል ነው። ያተምኩትን ፎቶ ይዤ በር ላይ እወጣና በቀን ብርሃን አየዋለሁ፤ ተመልሼ ስክሪኑን አያለሁ፤ እንደገና እወጣለሁ። ጎረቤት ያለችው ጫማ ሻጭ ዕቃ የጠፋብኝ መስሏት ታዝንልኝ ነበር። ሳምንት ፈጀብኝ። ያገኘሁትን ልክ “ህትመት” ብዬ ሰይሜ አስቀመጥኩት።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አልወደደውም። “ደንበኛ ፊቱን ሲያይ ደስ ይበለው እንጂ!” አለኝ። ስለዚህ ሁለተኛ ፕሮፋይል፣ ሌላ የቀለም ልክ ማለት ነው፣ ሠራሁ፤ ሞቅ ያለ፣ ጥቁሩን ጠይም ጠይሙን ቀይ የሚያደርግ። ስሙን “ሠርግ” አልኩት። ለደንበኛ በ“ሠርግ” አሳያለሁ፣ በ“ህትመት” አትማለሁ። ታትሞ ሲወጣ ለሚነሳው ቅሬታ ሁሉ ጥፋተኛው ፕሪንተሩ ነው።

ኦቦ ዱጋሳ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ከገፈርሳ ውሃ ወዲያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። መጀመሪያ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ለገበያ ብቅ ባሉ ቁጥር ጎራ ይሉ ጀመር። ፎቶ የሚነሳበት ወንበር ላይ፣ ከሰማያዊው መጋረጃ ፊት ለፊት ይቀመጡና ከፌስታላቸው ጭኮ ያወጣሉ። በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ እንደሆነ ቀን ሙሉ ሌላ አያስመኝም። “ኢንተለ ኮ፣ ምሳ በላሽ?” ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከኮምቦልቻ ከወጣሁ ወዲህ ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር የሰው ፊት የሚለዩት ቀርበው ነው። ስለ ማሳቸው ሲያወሩ ግን የሚያዩት ይመስላል። በማሳው ዳር ዘጠኝ ጽዶች ነበሯቸው፤ እሳቸው በተወለዱበት ዓመት አባታቸው የተከሏቸው። “እኩዮቼ ናቸው” ይሉኝ ነበር። “እኔ ጎበጥኩ፤ እነሱ ቀጥ ብለው ቀሩ።”

ኅዳር ላይ ነገሩ ሁሉ ከረረ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን በዙሪያው ያሉትን ከተሞች፣ እኛን ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን ጭምር ሊጠቀልል ነው፤ ገበሬውም ሊነቀል ነው ተባለ። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ተቃጠለ፤ ተኩስም ሰማን። ሱቅ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቁልፉን ሰጥቶኝ አዲስ አበባ ገባ። እኔ የምገባበት ስላልነበረኝ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን የዕቅዱ ነው የተባለ አንድ ካርታ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ፤ እኔም ጋ ደረሰ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ በሞባይል የተነሳ ፎቶ ነው፤ የቀለሞቹ ትርጉም የተጻፈበት ግርጌው ተቆርጧል። ትርጉሙን ሕዝቡ በአፉ ሞላው፤ አረንጓዴው ለገበሬ ይቀራል፣ ቢጫው ቤት ይሠራበታል፣ ሐምራዊው የፋብሪካ ነው።

አንድ ዓርብ ኦቦ ዱጋሳ መጡ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር በጭኮው ፋንታ የገብስ ቆሎ ይዘውልኛል። እንደ ወትሮው ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም።

“ካርታው አንቺ ጋ አለ አሉ።”

“አለ፣ ኦቦ። ማተም ግን አልችልም፤ ያሳስረኛል።”

“አታትሚ። አሳዪኝ ብቻ።”

ከጾሙ በፊት የተደገሰ ሠርግ አልበም እየጨረስኩ ነበር። እሱን ገለል አድርጌ ካርታውን ከፈትኩላቸው። አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ።

“ይሄ ውሃው ነው? እንግዲያ መንገዱ እዚህ ይታጠፋል። የኔ እዚህ ጋ ነው።” ጣታቸውን አሳረፉ። “ቀለሙ አይለይልኝም። ኬሎ ሞ መገሪሰ?”

ኬሎ ቢጫ ነው፤ የአደይ አበባም ስም ነው። መገሪሰ አረንጓዴ ነው። ከጣታቸው ሥር ያለውን አየሁ።

“ቢጫ ነው፣ ኦቦ።”

አላመነታሁም። በቱቦ አምፖል ሥር በሞባይል የተነሳ ፎቶ ላይ ቀለም እንደማይታመን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በቡራዩ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ግን ማንም ሰው ምንም ነገር አልጠየቀኝም ነበር። የሚያውቅ ሰው መሆን አማረኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ወጣ።

“ኬሎ” አሉ ለራሳቸው። ከስክሪኑ ራቅ ብለው “ዶዘር ከሚጥላቸው በገዛ መጥረቢያዬ ይሻላል” አሉና ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ወጡ። ስለ ጽዶቹ መሆኑ የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው።

ሰኞ አንድ ጉርድ ፎቶ ላትም ከዓርብ ጀምሮ በርቶ የቆየውን “ሠርግ”ን አጥፍቼ “ህትመት”ን አበራሁ። ካርታው ከጀርባ ተከፍቶ ነበር። ዐይኔ እያየ የኦቦ ዱጋሳ መሬት ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ወደ “ሠርግ” መለስኩት፤ ቢጫ ሆነ። ደግሞ ለዚያ ፎቶ ብቻ ሌላ ፕሮፋይል ልሥራ ብዬ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ያለውን ነጭ ግድግዳ ነጭ እስኪመስል አስተካከልኩ። ያን ጊዜ መሬቱ ቢጫም አረንጓዴም መሆኑ ቀርቶ የገለባ ዓይነት ቀለም ሆነ። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ አይሠራም። ታክሲም ባጃጅም ቆሟል።

በማግስቱ ጠዋት በእግሬ ወጣሁ። የታህሣሥ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ማሳው ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ የሚወቃ ሰው ግን አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የባህር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል። አንዱ ድንጋይ ጋ የቆሙ ወጣቶች አስቆሙኝ።

“ኤሰ ዴምተ?” አለኝ አንዱ፤ ወዴት ነው ማለቱ ነው።

“ኦቦ ዱጋሳ ቤት።”

“የማን ነሽ አንቺ?”

“የማንም አይደለሁም። የፎቶ ቤቷ ነኝ።”

“እሷ ናት፤ የመታወቂያ ፎቶዬን ያነሳችኝ” አለ ሌላው። “ግንባሬን አሳጥራልኛለች። ትለፍ!” ተሳሳቁና አሳለፉኝ።

መጥረቢያውን ከሩቅ ሰማሁት። ቀርቤ ደግሞ ሽታው መጣ፤ አሁን የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል የተቆረጠ ጽድ። አምስቱ ወድቀዋል። አራቱ ቆመዋል። ኦቦ ዱጋሳ ከወንድ ልጃቸው ጋር ቅርንጫፍ ይመለምሉ ነበር፤ ድምፄን ሲሰሙ መጥረቢያውን ጣሉት።

“ኢንተለ ኮ! በዚህ ቀን፣ በእግርሽ?” ወደ ልጃቸው ዞሩ። “አየህ? ልታጽናናኝ መጥታ ነው።”

አፌን ከፈትኩ። አራት ዛፍ ቆሟል። ተሳስቻለሁ፣ ቀለሙን አላውቀውም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ለዚህ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። ግን ፊታቸው በራ። ይህን ከተናገርኩ ከእንግዲህ ፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

“እንዴት ሰነበቱ ብዬ ነው፣ ኦቦ” አልኩ።

ቅርንጫፍ ስጎትት ዋልኩ። ቀትር ላይ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ሰጡኝ፤ እንግዳ ናት ብለው ትልልቁን መርጠው ወደኔ ገፉት። በላሁት። የመጨረሻው ጽድ ሲወድቅ ከማሳው ማዶ ያለው ሰማይ ባንድ ጊዜ ሰፋ፤ ኦቦ ዱጋሳ በዚያ በሞራ ዐይናቸው ቀና ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

ጥር ላይ ዕቅዱ ተተወ ተባለ። በዚያው ሳምንት ኦቦ ዱጋሳ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

“ቀረ አሉ።”

“አዎ፣ ቀረ።”

“የጎረቤቶቼ ዛፍ ቆሟል” ብለው ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ያጽናኑኝ ጀመር። “አንቺ ምን ታደርጊ! ያየሽውን ነው የነገርሽኝ።”

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አዎ፣ ያየሁትን ነው እንደማለት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሳቸው መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ እኔ ነኝ የሸሸሁት። ክረምት ሳይገባ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁና ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ደረጃው ላይ በቆምኩ በሦስተኛው ቀን፣ ገፈርሳ ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ሕንፃ ሆኗል፤ እየጠየቅሁ ነው ያገኘሁት። ማሳቸው ግን አለ። ድንች ተተክሎበታል፤ ንፋሱ ያለ ከልካይ ይነፍስበታል። ኦቦ ዱጋሳ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዐይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። “አካም ቡልቴ” ብዬ እንዴት አደሩ ስላቸው በተሰባበረው ኦሮምኛዬ ዐወቁኝና እጄን ፈልገው ያዙት።

አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ፕሮፋይሎቹ እንዴት እንደማስረዳቸው ስላልገባኝ “አንድን ነገር በሁለት ዓይነት መነጽር እንደማየት ነው” አልኩ። ስለ አራቱ ዛፎችም ነገርኳቸው፤ ያን ቀን ለምን እንደመጣሁ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ። አላቋረጡኝም። እጄን ግን መሃል ላይ ለቀቁት።

“ታዲያ ቀለሙ ምን ነበር?” አሉኝ በመጨረሻ።

“አላውቅም፣ ኦቦ። ያኔም አላውቅም ነበር።”

“አላውቅም” ብለው ደገሙት። “ይቺን ቃል ያኔ ብትሰጪኝ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። መጠበቅ እኮ እችልበታለሁ።”

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትወርድ ተቀምጠን ቆየንና ተነስቼ ታክሲ ያዝኩ።

ዝም ያልኩት እሳቸውን እንዳላጣ ነበር። አሁን ሳስበው ያጣኋቸው በዚያው ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ቤቱ እየመጡ የሚጠይቁት ያየችውን የነገረቻቸውን ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ እኔ አልነበርኩም። እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ብቻዬን ከረምኩ። ቅዳሜ ዕለት እጄን ሲለቁ የተቀየሙት ግን እኔን ነው፤ ራሴን።